ከጎሉ ጀርባ የቆመው ማሲንቆ

እግር ኳስና ዘፈን የተለያዩ ነገሮች ናቸው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትከራከሩት። ሻይ ጋብዙትና በሰላም ሸኙት። መሐል ሜዳው የማይግባባ ቡድንና ከበሮው ከዘፋኙ የቀደመበት ዘፈን በምን ይለያያሉ? እኔ እንዲያውም ከኳስ የምወደው ጎሉን አይደለም፤ ከጎሉ በፊት ያለችውን፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ከመቀመጫው ብድግ የሚልባትን ቅጽበት ነው። አዝማሪም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያውን ስንኝ ጣል አድርጎ፣ ማሲንቆውን እየገዘገዘ ቤቱን በዓይኑ ሲቃኝ፣ ሁለተኛው ስንኝ ማን ላይ ሊያርፍ ነው ብላችሁ ስትሳቀቁ፣ ያቺ ናት። ሰው የሚኖረው ያቺን ለመሰለች ቅጽበት ነው ብል አጋነንክ ትሉኛላችሁ። በሉ።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም፤ ቆጥሬ ነው። ደሴ እባላለሁ፤ ከትክል ድንጋይ ገጠር ማር ተሸክሜ ጎንደር የገባሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ፀዳ ላይ የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ አለኝ፤ ከማሩ እስከ ቆርቆሮው ያደረሰኝ ትምህርት ሳይሆን መቁጠር ነው። ልማድ ሆኖብኝ ኳስ ሳይም እቆጥራለሁ፦ ማን ስንት ኳስ አበላሸ፣ ዳኛው ስንቴ አደላ (ለእኔ ቡድን አድልቶ አያውቅም)። ዘፈን ስሰማም እቆጥራለሁ። የዘንድሮ ልጆች አንዲቷን «ወይኔ» በአንድ ዘፈን ውስጥ ስንቴ እንደሚያመላልሷት ብነግራችሁ ታዝኑላቸዋላችሁ። ሚስቴ «አንተ እኮ ስትጸልይም ትቆጥራለህ» ትለኛለች። ምነው፣ መቁጠሪያ ለምን ተሠራ ታዲያ?

በዚህ ዓለም ላይ የእኔን ቁጥር አልቀበልም ያለ አንድ ሰው አለ። ሐጂ ከማል ይባላል። ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ የጎንደር ነጋዴ ነው፤ እሱ አሁን አዘዞ ላይ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል። በሐዘንም በሰርግም ተለያይተን አናውቅም። ኳስ ላይ ግን ዓይንና ናጫ ነን። በአዘዞና በፀዳ መካከል ባለችው ኳስ ማሳያ ቤት የፊተኛው አግዳሚ የእኛ ነው። እሱ ቀዮቹን ይደግፋል፣ እኔ ሰማያዊዎቹን። እሱ «ቡድን በልብ ነው» ይላል፣ እኔ «በቁጥር ነው» እላለሁ። ወጣቱ ወደዚያ ቤት የሚመጣው ኳሱን ለማየት ይሁን እኛን ለመስማት እስካሁን አልተጣራም። ባለቤቱ ግን ያውቃል መሰለኝ፣ እኛ የቀረን ቀን ፊቱ ይጠቁራል።

ታዲያ ከተማው ገና ከጥምቀት እንግዳ ባልተላቀቀበት ሰሞን፣ የአዘዞና የፀዳ ሰፈር ቡድኖች ለዋንጫ ደረሱ። በዓለም ዋንጫም እንዲህ ያለ ግለት አላየሁም። ቆርቆሮ ሊገዛ የመጣ ሰው ሳይቀር ስለ ክዳኑ ትቶ ስለ ግራ ተመላላሻችን ይጠይቀኝ ጀመር።

ሐጂ ሱቄ ድረስ መጣ። ዣንጥላውን ተመርኩዞ፣ «ደሴ፣ የፀዳ ልጆች ዋንጫውን በደንብ ፎቶ ያንሱት፤ ከዚያ በኋላ አያገኙትም» አለኝ።

«እናንተ ደግሞ ለበረኛችሁ ዘንቢል ስጡት፤ የገባበትን ኳስ የሚለቅምበት።»

«እንወራረድ!»

«በስንት?»

«አስተግፊሩላህ! በገንዘብ አልወራረድም፣ ሐራም ነው። በምላስ እንወራረድ። ሰፈሩ የተሸነፈበት ሰው የአውሮፓው ውድድር ዘመን እስኪያልቅ ድረስ ኳስ ቤት ውስጥ አንድ ቃል አይናገር። ይይ፣ ይስማ፣ ሻዩን ይጠጣ። አስተያየት ግን የለም።»

ቀላል ነገር መስሏችሁ ይሆናል። እስቲ ራሳችሁን በእኔ ቦታ አስቀምጡት። ዳኛው ዓይናችሁ እያየ ሲያበላሽ ዝም። አሠልጣኙ የማይቀየረውን ሲቀይር ዝም። ሐጂ ከጎናችሁ ተቀምጦ ስህተት ሲናገር፣ አሁንም ዝም! ሱቅህን ዝጋ ቢሉኝ በተሻለኝ። ግን ሰው ሰምቷል፣ ቆርቆሮ ገዢውም ቆሟል፤ እሺ አልኩ።

እሺ ካልኩ በኋላ መቁጠር ጀመርኩ። የእነሱን ልምምድ ተደብቄ አየሁ፤ አሥር ቁጥራቸው ቀኝ እግር ብቻ ነው ያለው። ንፋሱ ከሰዓት በኋላ ከየት እንደሚነሳ፣ ፀሐይዋ በየትኛው በረኛ ዓይን ላይ እንደምትወድቅ አጠናሁ። ሁሉም ወደ እኛ ያደላል። የቀረን ልብ ብቻ ነው። ለልብ መድኃኒቱ ደግሞ በእኛ አገር አዝማሪ ነው። ከተማ ወጣሁና አዝማሪ ይርጋን ይዤ መጣሁ። ይርጋ ማለት በማሲንቆው የሞተ ድግስ የሚያስነሳ ሰው ነው። እንደ ኦርጋን ሶኬት አይፈልግ፣ መብራት ጠፋ ብሎ አያማርር።

የጨዋታው ቀን ሜዳው ዙሪያ መቆሚያ ጠፋ። ዛፍ ላይ የወጣው፣ ጣሪያ ላይ የወጣው (ቆርቆሮው የእኔ ነው፣ ችሎታል)። የእኛ በረኛ ጋሻው ይባላል። በአዘዞና በፀዳ መንገድ ላይ ባጃጅ ይነዳል፤ ለሦስት ሰው በተሠራች ባጃጅ ስድስት ሰው ጠቅጥቆ በመጫን የታወቀ ነው። እጁ ረጅም፣ ፊቱ ኮስታራ፣ እንደ ግንብ የማይነቃነቅ ልጅ። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። በሁለተኛው አጋማሽ አዘዞዎች ሲበረቱ ጊዜ ይርጋን ክንዱን ይዤ ከእኛ ጎል ጀርባ አቆምኩት፤ ለጋሻው ልብ እንዲሰጠው ብዬ ነው። ማሲንቆው አፉን ሲከፍት፣

«ተቀበል!» አልኩ።

«ተቀብያለሁ፣ አያ ደሴ!»

ሌሊቱን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ የሠራሁትን ግጥም ሰጠሁት። ይርጋም በዚያ ድምፁ አንቆረቆረው፦

«የፀዳ ልጅ ሲሮጥ ማን ይደርስበታል፣
አዘዞ ከኋላው አቧራ ይበላል።»

አቤት! ሜዳው ተናወጠ። ልጆቻችን እግራቸው ላይ ክንፍ የበቀለ መሰለ። ተከላካያችን ሳይቀር አጥቂ ሆነ። አንዱ የመታው ኳስ ቋሚውን ገጭቶ ሲመለስ ስንቱ ሰው ራሱን እንደያዘ መቁጠር ሁሉ አቃተኝ። እጨፍራለሁ። እኔ፣ በልጄ ሰርግ ላይ ያልጨፈርኩት ሰው! «ይደገም!» እላለሁ፣ ይርጋ ይደግማል።

በዚህ መሐል ሜዳውን ዞሮ የሚመጣ አንድ ዣንጥላ አየሁ። ከዣንጥላው ሥር ሐጂ ከማል አለ። አይቸኩልም። ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል። መንዙማ እየሰማ ያደገ ጆሮ ነው ያለው፤ ግጥም ሲሠራ ከንፈሩ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ይርጋ ፊት ደርሶ ቆመ።

«ተቀበል!» አለ።

መሐላቸው ገባሁ። «ኧረ ተው! ይርጋ፣ እንዳትቀበል! ያመጣሁህ እኔ ነኝ!»

ይርጋ ደጋኑን ከክሩ ላይ ሳያነሳ አየኝ። «አያ ደሴ፣ ያመጡኝስ እርስዎ ነዎት። ግጥም የሚሰጠኝ ግን የሰማኝ ሁሉ ነው። ተቀበል ተብሎ ዝም ያለ አዝማሪ ማሲንቆውን ይማገደው።» ወደ ሐጂ ዞረና፣ «ተቀብያለሁ፣ ሐጂ!»

ጎንደር ያደገ ሕፃን የሚያውቀው ደንብ ነው። ንፋሱን ቆጥሬ፣ ፀሐይዋን ቆጥሬ፣ የሰው እግር ቆጥሬ፣ ይህን ረሳሁት። ያን ጊዜ ለአዘዞ የማዕዘን ምት ተሰጥቶ ነበር። ኳሷ ስትነሳ ይርጋም ሐጂ የሰጠውን ግጥም አነሳ፦

«በጠባብ ባጃጁ ስድስት ሰው የጫነ፣
ሰፊውን ጎል ይዞ ለአንድ ኳስ ጨከነ።»

መጀመሪያ ከጎሉ ጀርባ ያለው ሰው ሳቀ፤ ሁሉም የጋሻው ተሳፋሪ፣ ሁሉም አንድ ቀን ጉልበቱ አገጩን የነካበት ሰው ነው። ሳቁ ሜዳውን ዞረ። የመስመር ዳኛው ባንዲራውን አፉ ላይ ያዘ። ጋሻው ጥርሱን ነክሶ ኳሷን በጡጫ መለሳት። «ጎበዝ!» ብዬ ጮህኩ። ግን ፊቱን አየሁት፤ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ያ ግንብ ተሰነጠቀ። ወገቡን ይዞ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር፣ ሳቀ። አሥር ቁጥራቸው በዚያች በማትረባው ግራ እግሩ ኳሷን ነካ አደረጋት። ተኩስ አትበሉት። ኳሷ ልክ ባጃጅ ላይ ቦታ እንዳገኘ መንገደኛ ዘና ብላ በጋሻው ጎን አልፋ ገባች።

አንድ ለባዶ። አለቀ።

ጋሻው መጥቶ «አያ ደሴ፣ ይቅርታ፤ ግን እውነት ነው እኮ!» አለኝና እንደገና ሳቀ። ልብ እንዲሰጠው ያመጣሁት ማሲንቆ ልቡን ይዞበት ሄደ።

ቃል የእምነት ዕዳ ነው። በቀጣዩ እሑድ አግዳሚያችን ላይ ተቀምጬ አፌን በሻይ ዘጋሁት። ሐጂ እንደ ሠርገኛ አምሮበታል። «ይሄ ከጨዋታ ውጪ አይደለም!» አለ። ነበር። ዝም። «ይህ አማካይ ከሁሉ ይበልጣል!» አለ። ስንት ኳስ እንዳበላሸ ጣቴ ላይ ይዣለሁ። ዝም። አንድ ጊዜ ምላሴን ስነክስ የቤቱ ባለቤት «ሸረሪት ነው የነከሰዎት?» አለኝ። በሁለተኛው እሑድ ሐጂ አንዳንድ ነገር ብሎ ወደ እኔ ያይ ጀመር። «አይደለም እንዴ?» ይላል፣ መልስ የለም። በሦስተኛው እሱም ድምፁ ቀነሰ። ወጣቱ ተበተነና ወደ ሌላ ኳስ ቤት ሄደ። ጠላት የሌለው አስተያየት ጨው እንደሌለው ወጥ ነው፤ ሐጂ ብቻውን ሊበላው አልቻለም።

በማግስቱ ሱቄ መጣ። «ደሴ፣ ታመምኩ እኮ» አለኝ።

«ምን ሆነህ?»

«ማንም "ተሳስተሃል" የሚለኝ የለም። ቤት ስገባ ባለቤቴ እንኳ "ልክ ነህ" አለችኝ። ጉድ ነው!»

«ቃል ነው፣ ሐጂ። አልናገርም።»

ዣንጥላውን እያሽከረከረ ብዙ አሰበ። «የተወራረድነው በንግግር ነው» አለ። «ግጥም ንግግር አይደለም። አንተ በግጥም ብታሸንፍ ኖሮ ዝም የምለው እኔ ነበርኩ፤ ታዲያ ግጥም ራሱ እንዴት ይከለከላል?» ነገሩ ሙሉ በሙሉ እንዳልገባኝ አልደብቃችሁም። ሲመቸኝ ግን ብዙ አልመረምርም።

እሑድ ደረሰ። ቀዮቹ ጎሉን ሲዞሩት ሲዞሩት ዋሉ። ከአግዳሚው ተነሳሁና ለመላው ቤት «ተቀበሉ!» አልኩ። ቤቱ በአንድ ድምፅ «ተቀብለናል!»

«ሐጂ የሚደግፈው ያ ቀዩ ማሊያ፣
ጎል ርቆት ይኖራል እንደ ሩቅ ገበያ።»

ሐጂ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «አልሐምዱሊላህ፣ ተሰደብኩ!» አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ያ ቤት ይሞላል። አሁን የውድድሩ ዘመን አልቆ ምላሴ ነፃ ወጥቷል፤ ነገር ግን እንደ ድሮዬ በተራ አማርኛ አስተያየት ስጀምር ልጆቹ «አያ ደሴ፣ በግጥም!» ይሉኛል። አፌን መልሼ አገኘሁት፣ ሰሚ አጣሁ። ስለዚህ ሌሊት ሌሊት ስንኝ ስቆጥር አድራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከኳስ ቤት ወጥተን ከሐጂ ጋር ወደ ፀዳ ልንሄድ የጋሻውን ባጃጅ አስቆምን። ከኋላዋ ያ የሜዳው ግጥም በቢጫ ቀለም፣ ሁለቱም ስንኝ ሳይጓደል፣ በትልቁ ተጽፎባታል። ሐጂ የድርሰቱን ባለቤትነት ለመንገደኛ ሁሉ እያስረዳ ገባ። ቀድመው የገቡ ሁለት ሰዎች ስለነበሩ አራት ሆንን። ጉልበቴ አገጬን ሲነካው፣

«ጋሻው፣ ሞልተናል እኮ፣ ንዳ እንጂ!» አልኩት።

ዞሮ በዚያ ኮስታራ ፊቱ አየኝ። «አያ ደሴ፣ እርስዎ ቆጣሪ ሰው አይደሉም? ግጥሙ ስድስት ነው የሚለው። ሰው ምን ይለኛል?»

ሐጂ ላይ ደገፍ አልኩና የቀሩትን ሁለት ሰዎች መጠበቅ ጀመርን።