ጎርፍ የማይደፍረው ቤቴ

በዚህ አገር እንደ ግድግዳ የሚዋሽ ፍጥረት የለም! ውስጡ ጭቃና ጭድ፣ ላዩ ስስ ሲሚንቶ… ከሩቅ ሲያዩት ቪላ! አሶሳ ያለው ቤቴም ከነዚህ አንዱ ነው። ሚስጥሩን የምናውቀው እኔ፣ ባለቤቴና ምስጦቹ ብቻ ነን።

ሚያዝያ ላይ ታብሌት የያዙ አጥኚዎች መጡ። ጎርፍ ቢመጣ የትኛው ቤት ምን ያህል እንደሚጎዳ በኮምፒውተር ያሰላሉ፤ በካርታው ላይ ቀይ ለሆነ ቤት መከላከያ ቦይ ይቆፈራል። አያችሁልኝ? ጫማቸው ሳይረጥብ ጎርፍ የሚያውቁ!

"መምህር፣ ግድግዳው ከምንድን ነው?" አለኝ አንደኛው።

ባለቤቴ ጎኔን ጎሰመችኝ። እውነቱን ተናገር ማለቷ ነው። ግን ጎረቤቴ ሼህ ሐሚድ ቆመው ይሰማሉ። በቀርከሃ ቤታቸው ስንት ዓመት ስቀልድ ኖሬ፣ ዛሬ "ጭቃ" ልበል?

"ብሎኬት!" አልኩ።

በጥፍሩ ጫር ቢያደርገው ጉዴ ይፈላ ነበር። ግን የዘመኑ አዋቂ ጣቱን ከታብሌቱ መስታወት አያነሳማ!

ካርታው ቀበሌ ተለጠፈ። የሼህ ቤት ቀይ፣ የኔ አረንጓዴ።

"ሼህ፣ ኮምፒውተሩ ፈረደ እንግዲህ!"

"ወላሂ ኡስታዝ፣ ኮምፒውተር ዝናብ አያውቅም" አሉኝ፤ መምህርን ኡስታዝ ነው የሚሉት።

ከሼህ ቤት በላይ ቦይ ተቆፈረ። መውጫውስ? በኔ አጥር ጥግ! "ይሄኛው ብሎኬት ነው፣ ይችለዋል" አለ አስቆፋሪው። ልናገር አፌን ከፈትኩ… ሼህ እያዩኝ ነው። መልሼ ዘጋሁት።

ሐምሌ ገባ። ከጥናቱ ሁሉ በትክክል የሠራው ቦዩ ነበር፤ የሰፈሩን ውኃ አንድም ሳያስቀር አመጣልኝ። ግድግዳዬ ሲሚንቶውን እንደ ካባ አውልቆ ቁጭ አለ! የሼህ ቤት ግን ድንጋይ ላይ ከፍ ብሎ የቆመ ነው፤ ግቢያቸው የዘነበው ውኃ ከሥሩ ሾልኮ ሄደ።

"ግባ ኡስታዝ" አሉኝ ሼህ ከበራቸው። "ቀይ ቤት ነው፣ ግን ደረቅ ነው።"

ባለቤቴ ምንጣፉን ይዛ ቀድማኝ ገብታለች።

በሳምንቱ ያው አጥኚ ጉዳት ሊመዘግብ መጣ። የጭቃውን ክምር አየ፣ ታብሌቱን አየ፣ እኔን አየኝ።

"መምህር… ብሎኬቱስ?"

ሼህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ባለቤቴ ጣሪያ ጣሪያ አየች፤ የሼህን ጣሪያ ማለቴ ነው፣ የኛማ የለም።

"ጎርፍ ወሰደው!" አልኩት።

እሱም ጻፈው! አዲሱ ካርታ ትናንት ተለጠፈ። አሶሳ ውስጥ ያለ የብሎኬት ቤት ሁሉ ቀይ ሆኗል።