ሽማግሌ የተላከላት ሸክላ

አገር የሚጠቅም ልጅ የወለደች እናት ዝም ካለች ታሪክ ይወቅሳታል። ስለዚህ ጭሮ ውስጥ፣ ከባጃጅ ተራው ከፍ ብሎ ባለው ቤቴ፣ በሁለተኛው ክፍል ስለተቋቋመው ማኅበር የማውቀውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እመሰክራለሁ። ክፍሉ የተሠራው ልጄ ሲያገባ ሙሽራዋ እንድትገባበት ነበር። ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ አምስት ዓመት ሙሽራ ሲጠብቅ ኖረ። በስድስተኛው ዓመት ማኅበሩ ገባበት።

የማኅበሩ ሙሉ ስም «የተረሱ የሄቪ ሜታል አልበሞች አፈላላጊና አሰባሳቢ ማኅበር» ነው። ሊቀመንበሩ ልጄ ነቢዩ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራል። ምክትሉ ሬዲዮ ጠጋኙ ሙሄዲን ነው። ጸሐፊው አስተማሪው ፊሊጶስ ነው። ተራ አባል የለም። ይህም ታስቦበት ነው፤ ተራ አባል ያለበት ማኅበር ጥያቄ ይበዛበታል።

ዓላማው ከባድ ነው። ፈረንጆች ሰማንያዎቹ በሚሏቸው፣ እኛ ሰባዎቹ በምንላቸው ዓመታት የተቀዱ፣ ያኔም ማንም ያልሰማቸው፣ ዛሬም ማንም ያልጠየቃቸው ሙዚቃዎች አሉ። ጊታሩ ድንጋይ እንደገባበት ወፍጮ ያጓራል፤ ዘፋኙ እጁን በር እንደያዘው ሰው ይጮኻል። ልጄ ከዚህ ውስጥ የሚፈልገው ጥንታዊውን፣ ያልተበረዘውን ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ተበርዟል ይላል። በምን እንደተበረዘ ጠይቄው ነበር፤ ሲያስረዳኝ አመሸ፤ እኔም እንደገባኝ ሆኜ ተነሣሁ።

ሙዚቃው መሰማት በጀመረ በሁለተኛው ቀን ጎረቤቴ ዑሙልኸይር አንድ ጣሳ ማሽላ ይዛ መጣች።

«ዘውድነሽ፣ ወፍጮ አስገባችሁ አሉ። ማሻአላህ።»

«ሙዚቃ ነው እኮ።»

«ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?»

«ጠፍቶ ነበር አሉ። አሁን ልጆቹ አገኙት።»

«ከተገኘማ ዝም ይበላ፣ ወላሂ» ብላ ማሽላዋን ይዛ ተመለሰች።

ይህን ለልጄ ብነግረው አልተቆጣም። «እማዬ፣ ጥሩውንማ ሁሉም ያውቀዋል። እኛ የምንፈልገው ያልታወቀውን ነው» አለኝ። እኔም ልቤ ደነገጠ። ምክንያቱም ሚካል ጥሩ መሆኗን ጭሮ በሙሉ ያውቃል።

ሚካል የአቶ ዘገየ ልጅ ናት። መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሥራ ሲወጡ ከልጄ ጋር አብረው ይመለሳሉ። እኔ የደም ግፊት አለብኝ፤ ፊደል መቁጠር ከጀመርኩ ወዲህ ካርቶኑ ላይ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» ብላ በትልልቁ ትጽፍልኝና እስካነብላት ትጠብቃለች። ብሳሳት አትስቅም። የእኔ ስለት አንድ ብቻ ነው፤ አሰቦት ገዳም ድረስ ሄጄ የተሳልኩትም እሱኑ ነው፦ ይቺ ልጅ ወደ ቤቴ እንድትገባ።

አባቷ አቶ ዘገየ በወጣትነታቸው ሚኤሶ ቆላ ላይ የውሃ ጉድጓድ ለሚቆፍሩ ፈረንጆች ሾፌር ነበሩ። አንድ ፂማም ቆፋሪ አገሩ ሲመለስ ለማስታወሻ አንድ የሙዚቃ ሸክላ ትቶላቸው ሄደ። ሚካል ባለፈው ጾም ይህን ሸክላ ደረቷ ላይ ይዛ ፎቶ ተነሣችና ለነቢዩ ላከችለት። ከፎቶው ሥር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «አንድ የመቻራ ቡና ነጋዴ ሽማግሌ ሊልክብን ነው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ይመጣሉ። አባዬ የቀደመውን ነው የሚሰማው።» ይህንኑ ለእኔም በአፏ ነግራኛለች።

ልጄ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፎቶውን ሲያሰፋ ዋለ። ከዚያ ሚካልን ቆርጦ አወጣና ሸክላውን ብቻ አስቀረ። ጣቶቿ ግን አልወጡለትም፤ ጠርዙን እንደያዙ ቀሩ።

«ጣቶቹ ጽሑፉን ሸፈኑት እንጂ የካርቶን ልባሱ ንጹሕ ነው» አለ።

በዚያው ዕለት አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ሸክላው «የዛገ መልሕቅ» የሚባል ቡድን ብቸኛ ሥራ መሆኑ ተረጋገጠ። ሦስት መቶ ታትሞ አሥራ አንድ ተሽጧል። የቀረው መጋዘን ውስጥ እንዳለ ጎርፍ ወስዶታል። በዓለም ላይ አራት እንደተረፈ ይገመታል፤ አንደኛው ጭሮ ነው ያለው፣ አቶ ዘገየ ቁም ሳጥን ውስጥ። ነቢዩ በማግስቱ ሄዶ በውሰት ጠየቃቸው። «የወዳጅ ማስታወሻ በውሰት አይወጣም» ብለው መለሱት።

እኔ ጎልማሶች ትምህርት የገባሁት የመድኃኒት ወረቀት ለማንበብ ነበር። ከመድኃኒት ቀጥሎ ያነበብኩት የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ ነው። ክፍሉን ስጠርግ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ አገኘሁት። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ፊደል በፊደል፣ ገጹ መጨረሻ ላይ ደረስኩ፦ «በአካባቢያችን ባህል መሠረት ወደ አቶ ዘገየ ቤት ሦስት የተከበሩ ሽማግሎች እንዲላኩ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

መጥረጊያውን ጣልኩት። ገጽ መግለጥ የሚባል ነገር እንዳለ በዚያ ሰዓት ትዝ አላለኝም። በዚያው ቀን ሀጂ መህዲን ለመንኩ፤ የነፍስ አባታችንን ለመንኩ፤ ከፍርድ ቤት ጡረታ የወጡትን ሬጅስትራር ለመንኩ። ሦስቱም እሺ አሉ። ዑሙልኸይር እልል አለች። ልጄም ሽማግሎቹን እናቱ ራሷ በማዘጋጀቷ ማኅበሩ የላቀ ምስጋና እንደሚያቀርብ ገለጸልኝ። ሁሉም ነገር በመግባባት ተሠራ።

የሆሣዕና ዕለት ከሰዓት በኋላ ሽማግሎቹ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ቤቴ ተሰበሰቡ። ልጄ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ለሬጅስትራሩ ሰጣቸው። አነበቡት። ለሀጂ መህዲ ሰጧቸው።

«ሸክላ ነው የሚለው?» አሉ ሀጂ መህዲ።

«አዎ፣ ሀጂ።»

«ልጅቷስ?»

«በዚህ አጀንዳ አልተያዘችም።»

ሀጂ መህዲ እኔን አዩኝ። እኔ መሬቱን አየሁ። «መቅረት አይቻልም» አሉ ሬጅስትራሩ፤ «መንገድ ላይ ሰው አይቶናል። ለብሶ የወጣ ሽማግሌ ደጅ ሳይረግጥ አይመለስም።» እውነታቸውን ነው። በዚህ ከተማ አንድ ነገር ስሕተት መሆኑ አይደለም የሚያሳፍረው፤ ተጀምሮ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ሄዱ።

ከዚያ የሆነውን ሀጂ መህዲ ናቸው የነገሩኝ። አቶ ዘገየ ቤት ወንበር ተደርድሯል። ሚካል አዲስ ቀሚስ ለብሳ ከጓዳው በር ጀርባ ናት። ሽማግሎቹ እንደ ደንቡ «ጉዳይ አለን፣ ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። አቶ ዘገየም እንደ ደንቡ «ጉዳያችሁ ምንድነው?» አሉ። ሬጅስትራሩ ወረቀቱን አነበቡ፦ «በእጅዎ የሚገኘውን አንድ ሸክላ ለልጃችን ለነቢዩ ይሰጡልን ዘንድ በአክብሮት እንጠይቃለን።»

«ሸክላ» አሉ አቶ ዘገየ።

«ሸክላ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ኦቦ መህዲ፣ ረስታችሁት የቀረ ነገር ካለ እጠብቃለሁ።»

«ወረቀቱ ላይ ያለው ይሄው ነው» አሉ ሀጂ መህዲ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

አቶ ዘገየ ወረቀቱን ተቀብለው ራሳቸው አነበቡት። ከዚያ ልጁ የማን ዘር እንደሆነ፣ መጠጥ ያበዛ እንደሆነ፣ ጫት ያዘወትር እንደሆነ፣ ቁጡ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁ።

«ይህ ሁሉ ለሸክላው ነው?» አሉ የነፍስ አባታችን።

«ከቤቴ ለሚወጣ ሁሉ ነው። ዘመድ ላማክር። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ ተመለሱ።»

ማኅበሩ ይህን እንደ ትልቅ ድል መዘገበው። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። የመቻራዎቹ በዚያው ሳምንት ውስጥ ይመጣሉ። ሌላ ሽማግሌ እንዳልልክ፣ አንድ ደጅ ተጠይቆ መልስ ሳይሰጥ ሁለተኛ ጠያቂ ከአንድ ቤት አይላክም፤ ነውር ነው። ሀጂ መህዲ ግን አንድ መላ ነገሩኝ። «በመልሱ ቀን፣ አቶ ዘገየ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ልጅቷንም ጨምረን እንለምናለን። ይቻላል። የልጁ ቃል ብቻ ይምጣልኝ።»

ወደ ልጄ ሮጥኩ።

«ነቢዬ፣ ትወዳታለህ?»

«እማዬ፣ ምን ጥያቄ ነው?»

«ትወዳታለህ ወይ?»

«ከእሷ ሌላ አላገባም።»

«ታዲያ ቃልህን ስጠኝ። ሰውየው ከመቻራ እየመጣ ነው።»

ልጄ የማይመለከተውን ነገር ብቻውን አይወስንም፤ የሚመለከተውንም እንደዚያው። ለማኅበሩ አቀረበው። ፊሊጶስ በአንድ ልዑክ ሁለት ጥያቄ ማቅረብ የመጀመሪያውን እንደሚያዳክም አስረዳ። ሙሄዲን እንኳ፣ የዋህ ልጅ ነው፣ «ወንድሜ፣ ልጅቷን አስቀድም» ብሎ ነበር፤ በአብላጫ ድምፅ ተሸነፈ። የሚካል ጉዳይ ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ተዛወረ።

«እማዬ አትጨነቂ» አለኝ ልጄ ሲወጣ። «ሚካልማ የትም አትሄድም። የሚጠፋው ሸክላው ነው። ደግሞ የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል።»

«ሚስት ካለው ነዋ» አልኩ። ቃለ ጉባኤው ተዘግቶ ስለነበር አልተመዘገበልኝም።

በመልሱ ቀን ነቢዩ ራሱ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከሽማግሎቹ ኋላ ሄደ። አቶ ዘገየ ዘመዶቻቸውን ሰብስበው ጠበቁ። በግ ታርዷል። ሀጂ መህዲ ከመቀመጣቸው በፊት ዘወር ብለው ልጄን በዓይናቸው ጠየቁት። ልጄ ወረቀቱን አመለከታቸው።

አቶ ዘገየ ጠሯት። ሚካል ከጓዳ ወጣች። ሸክላውን በነጭ ነጠላ ጠቅልላ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ይኸውላችሁ» አሉ አባቷ። «ፈቅጃለሁ። ፀሐይ እንዳይነካው። አቧራ እንዳይጠጣ። ለሰው እንዳይዋስ። ካልተስማማችሁ ወደ ቤቱ ይመለስ፣ በሩ ክፍት ነው።» ከዚያ ትንሽ ቆዩና ቀጠሉ። «ይህን ሸክላ ለሚካል መድቤው ነበር። ከምትገባበት ቤት አብሯት እንዲገባ። አንድ ጊዜ ተጠይቄ ሁለቱንም ልሰጥ ተዘጋጅቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠበቅኩ። እንግዲህ ሰው የሚያገኘው የጠየቀውን ነው።»

ሀጂ መህዲ የመቁጠሪያቸውን ጠጠር ይዘው ቀሩ። አሁን እንኳ አንድ ቃል ትበቃ ነበር። ሁሉም ነቢዩን አየ። ነቢዩ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ሸክላውን ተቀበለ፤ ሚካልን ቀና ብሎ አየና፦

«የውስጥ ወረቀቱ አለ?» አላት።

«አለ» አለች ሚካል። ገብታ አመጣችለት።

ሽማግሎቹ መረቁ። ሬጅስትራሩ ከልምድ የተነሣ «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው ጀምረው መሐል ላይ አቆሙ።

በማግስቱ ማኅበሩ በሙሉ አባላቱ ተገኝቶ ሸክላውን አዳመጠ። እኔም የክብር እንግዳ ሆኜ ተጋበዝኩ። ከበሮው ከጊታሩ ቀድሞ ይሮጣል። ዘፋኙ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ድምፁ ተዘግቶ በሳል ጨረሰው። አልቆ መርፌው ተነሣ።

«እንዴት ነው?» አልኩ።

«እውነቱን ለመናገር ጥሩ አይደለም» አለ ልጄ።

«ታዲያ?»

«እማዬ፣ ጥሩ ቢሆን ኖሮ ይጠፋ ነበር እንዴ?»

በዚህ ምክንያት ዕቅዱ መቶ በመቶ መሳካቱ ተረጋገጠ።

የመቻራዎቹ ሐሙስ መጡ። የእነሱ ሽማግሎች ወረቀት አልያዙም። ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ፤ አቶ ዘገየ ጓዳ ገብተው ልጃቸውን ጠየቋት፤ እሷም እሺ አለች። ሀጂ መህዲን ዳግመኛ ብለምናቸው «ያልነውን ሰጥተውናል፣ ኣዴ ዘውድነሽ። በምን አፌ ልመለስ?» አሉኝ። ልጄ ዜናውን ሲሰማ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። በሦስተኛው ቀን ፎቶውን አውጥቶ ጠርዙ ላይ የቀሩትን ጣቶች ሲያይ አገኘሁት። እያሰፋ ያያቸዋል። ተቆርጦ የወጣውን ለመመለስ ቢሞክር ስልኩ እምቢ አለው።

መድኃኒቴ ሲያልቅብኝ መሄድ አፈርኩ። በመጨረሻ ሄድኩ። ሚካል ካርቶኑ ላይ እንደ ድሮዋ በትልልቁ ጻፈችልኝ፤ እኔም አነበብኩላት። ዓይኔን ስታየው ባንኮኒውን ዞራ መጣች።

«እማማ ዘውድነሽ፣ ለእኔ አይዘኑ። ሰውየው ደኅና ሰው ነው።»

«ለአንቺ አይደለም፣ ልጄ።»

«ለእሱም አይዘኑ» አለች። «ነቢዩ አያያዙን ያውቅበታል፤ ጊዜው አልደረሰለትም እንጂ። እኔን ለመፈለግ አርባ ዓመት ይቀረዋል። ያረጀሁ ዕለት፣ ጭሮ በሙሉ ስሜን የረሳው ዕለት፣ ሽማግሌ ልኮ መምጣቱ አይቀርም።»

እየሳቀች ነበር የምትናገረው፤ እኔ ግን ሳልስቅ ወጣሁ። የእናት ሆድ ነውና ቤት ስደርስ ለልጄ ሁሉንም ነገርኩት። ያለቅሳል ብዬ ጠበቅኩ። ይቆጣል ብዬም ጠበቅኩ። ልጄ ግን ራሱን ቀና አደረገ። ፊቱ ላይ ከሸክላው ወዲህ ያላየሁት ብርሃን መጣ። ፊሊጶስን ጠራው።

«በረጅም ጊዜ ዕቅድ ይካተት» አለው።