የታይፎይድ ፊልም ያለህ!

በኛ አገር መታመም አይከብድም። የሚከብደው መታመምን ማሳመን ነው። ትኩሳቱ፣ ቁርጥማቱ፣ ላቡ ማንም ሳይጠራቸው ይመጣሉ። ግን አንዱ አልጋህ አጠገብ ቆሞ «ምንም አልሆንክም እኮ!» ሲልህ ምን ትመልሳለህ? ደህና ነኝ ብለህ ትነሳለህ ወይስ ሞተህ ታሳየዋለህ?

እኔን እንዲህ ያለኝ የቀበሌያችን ጸሐፊ ነው። ወቅቱ ለብሔራዊ ውትድርና የሚመዘገብበት ነበር። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ጋር ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ የተኳረፍኩ፣ ከዊንጌት መርካቶ ስሮጥ የምውል ጎረምሳ፤ ለመዝገቡ ከኔ የተሻለ ከየት ይመጣል? ስሜ ሰፈረ። በዚያው ሳምንት ታይፎይድ ጣለኝ። ጸሐፊው ሊያጣራ ቤት ድረስ መጣና የሐኪም ወረቀቴን አገላብጦ አይቶ ሳቀ። እውነት ለመናገር ከዚያ በፊት ለሁለት ሦስት የሰፈር ልጆች የሐኪም ወረቀት «ሳዘጋጅ» ተይዤ አውቃለሁ። ታዲያ ያ ሌላ ወረቀት፣ ይሄ ሌላ ወረቀት! «በሽተኛ እንዲህ አይመስልም። የዛሬ ሳምንት ሰኞ ትቀርባለህ» ብሎኝ ወጣ።

እሺ፣ በሽተኛ ምን ይመስላል? ይህን ከፊልም እማራለሁ ብዬ ወሰንኩ። የጎረቤታችን የእትዬ በለጡ ልጅ ከጅዳ የቪዲዮ ዴክ ልካላቸዋለች፤ ቴሌቪዥን ስለሌላቸው ዳንቴል አልብሰው አስቀምጠውታል። እናቴ ወይዘሮ አስካለ ግን ቴሌቪዥን አላት። ዴኩ አልጋዬ አጠገብ መጣ። ፒያሳ ካሴት የሚያከራየውን ጓደኛዬን ግርማን፣ ድብድብ አልፈልግም፣ በሽተኛ ያለበትን ሁሉ አምጣልኝ አልኩት።

አመጣ። ግን እነዚህ ምን ዓይነት በሽተኞች ናቸው! አንዱ ሳንባው አልቋል ተብሎ ከተራራ ተራራ እየሮጠ ይዘፍናል፤ እኔ ሽንት ቤት ለመድረስ ሁለቴ አርፋለሁ። አንዷ ልትሞት አምስት ደቂቃ ሲቀራት ከንፈሯን ተቀብታለች። አራት ሐኪም ከቧት ያለቅሳል! እኔ ጎህ ሳይቀድ ተሰልፌ ያየኝ ሐኪም እኮ ከወረቀቱ ቀና አላለም። ደግሞ በዚያ ሁሉ ካሴት ውስጥ ተቅማጥ የያዘው አንድ ሰው እንኳ የለም። ፊልም ሠሪ ሆዱን አሞት አያውቅም?

ከፊልሙ የባሰው ጠያቂው ነው። ዴኩ ከመምጣቱ በፊት የጠየቀኝ ሁለት ሰው ነው። ዴኩ ሲመጣ የሰፈሩ ሰው በሙሉ አንጀቱ ተላወሰልኝ። ብርቱካን ይዘው ይገቡና «እንዴት ዋልክ» ብለው መልሱን ሳይሰሙ በኔና በቴሌቪዥኑ መሃል ይቀመጣሉ። አንዷማ «እስቲ ቀስ ብለህ ሳል፣ የሚሉት አልሰማን አለ» አለችኝ። በህንድኛ የሚሉትን!

እሑድ ከሰዓት መድኃኒቴን ውጬ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እንቅልፍ ወስዶኛል። የህንዱ ፊልም ቀጥሏል። ለካ ያ ዘፋኝ በሽተኛ በመጨረሻ እናቱ ጭን ላይ ነፍሱ ወጥታለች። ቤቱ በእሪታ ተናጋ። እትዬ በለጡ «ወይኔ ልጄን! በአፍላነቱ!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። በደጃችን የሚያልፈው የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ይህን ሰማ። ገብቶ ማን ሞተ ይበል? ነውር! ቤቱ ውስጥ በሽተኛ እንዳለ ያውቃል፣ ለቅሶውን ሰምቷል፣ በቃ። ሮጦ ጡሩምባውን አነሳ።

የነቃሁት ግቢያችን ውስጥ የድንኳን ካስማ ሲመታ ነው። በመስኮት ማን ሞቶ ነው አልኩ። ካስማ የሚመታው ሰውዬ ቀና ሳይል «የወይዘሮ አስካለ ልጅ» አለኝ። እንቅልፉ ስላልለቀቀኝ ከልቤ አዘንኩ። «ምስኪን! ታሞ ነበር አይደል?» ስለው፣ «ኧረ ክፉኛ ነበር የታመመው!» አለ። መታመሜን የመሰከረልኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ጋቢዬን ደርቤ ስወጣ ግማሹ ሸሸ፣ ግማሹ ተቆጣ። የዕድሩ ዳኛ ድንኳኑን ያን ሁሉ ዳገት በሸክም አምጥተው አለመሞቴ በጣም ቅር አላቸው።

ጸሐፊው ግን አልመጣም። ጡሩምባውን የሰማው የውይይት ክበብ ላይ ሆኖ ነው። እዚያው ስሜን ከውትድርናው መዝገብም ከራሽኑም ሰረዘና በዘበኛ የሐዘን መግለጫ ላከ፤ «ያን ዕለትም ፊቱን አይቼ እንደማይተርፍ አውቄ ነበር» ብሎ። ሰማችሁ? አውቆ ነበር!

ድንኳኑ ፈረሰ፣ ሰኞ አለፈ፣ ፈላጊ አልመጣም። ሞት በጡሩምባ ቀበሌ ይደርሳል፤ መኖር ግን ማመልከቻ ይፈልጋል። ግርማ «አደራህን፣ ሞተህ ቆይ» አለኝ። ቆየሁም። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ ሆዴ ምግብ መያዝ ጀመረ። በወሩ እናቴ ከቀበሌው ሱቅ የኔን ስኳር ሳታመጣ ተመለሰች። «የሞተ ሰው ሻይ አይጠጣም» አሏት። እሷ ነጠላዋ ውስጥ ፈገግ አለች፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ። ታምሜ አላመኑኝም፣ ሳልሞት አለቀሱልኝ፣ አሁን ደግሞ ስኳሬን? እናቴ ሸሚዜን ይዛ «ተው ልጄ፣ ስኳሩ ይቅርብን» ስትል አስለቅቄ ሮጥኩ። የቀበሌውን በር በርግጄ ገብቼ፣ ጠረጴዛውን መትቼ፣ ድምፄ አደባባይ እስኪሰማ ጮህኩ።

ጸሐፊው ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ከዚያ ወደ ባልደረቦቹ ዞሮ «ጓዶች፣ ይሄ ልጅ ጤነኛ ነው አላልኳችሁም?» አለና መዝገቡን ሳበ።

ስኳሩን ግን አላስቀረብኝም። እናቴ በሶ ውስጥ ጨምራ ለማሠልጠኛው ስንቅ ቋጠረችልኝ።