እግር ያዡ

ዛሬ ሊነጋጋ ሲል በሕልሜ ሰፈራችንን ወፍጮ ሰፈርን ተገልብጣ አየኋት። ወፍጮ ቤቱ ዱቄት እየተቀበለ እህል ይተፋ ነበር። ወያላው ሚኒባሱን አዝሎ «ወራጅ አለ!» እያለ ዳገቱን ይወጣል። ለቀብር የወጣው ሕዝብ ሟቹን አጅቦ ወደ ቤቱ እየመለሰ «እንኳን ደህና መጣህ» ይለዋል። ማንንም አልገረመም፤ እኔንም አልገረመኝም።

ስሜ ጥላዬ ነው። የሰፈራችን እድር ጡሩምባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ፣ በየቅያሱ ጡሩምባዬን እየነፋሁ የሟቹን ስም የምጠራው እኔ ነኝ፤ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቴ። በሕልሜም ያንኑ ስሠራ ቆይቼ ወደ ቤቴ ስመለስ የቅያሳችን መግቢያ በአጥር ተዘግቶ አገኘሁት። አጥሩ መሀል አንዲት መስኮት አለች። መስኮቷ ውስጥ አንድ ሙክት በግ ማኅተም ይዞ ተቀምጧል።

«ስም?»

«ጥላዬ።»

«ከየት መጣህ?»

«ከየትም አልመጣሁም። ያ ቤቴ ነው። ያውልህ ሸሚዜም ገመድ ላይ ተሰጥቷል።»

«መጤ ሁሉ ሸሚዝ ያሳያል» አለና ቀና አለ። ቀና ሲል አወቅኩት። ግራ ጆሮው የተቀደደ፣ አፍንጫው ላይ ጥቁር ነጥብ ያለው፤ ያለፈው ፋሲካ በጋችን ነበር። ከእድሩ ሊቀመንበር ከአቶ ዘርጋው ጋር ለሁለት ገዝተን እሳቸው ግቢ ነው ያረድነው።

«ረሳኸኝ እንዴ ጋሽ ጥላዬ?»

«በልቼሃለሁ መሰለኝ» አልኩት። አፈርኩ።

«እኔ አላነሳውም። ፋይሉ ነው የሚያነሳው።»

ወዲያው የበዓል ዋዜማ ሆነና በግ ተራ መሀል ራሴን አገኘሁት። በገመድ የታሰርነው ግን ሰዎቹ ነን፤ እየዞሩ የሚመርጡት በጎቹ ናቸው። አንዲት በግ ከንፈሬን ገልጣ ጥርሴን አየች። ሌላዋ ወገቤን ጨበጥ ጨበጥ አድርጋ፣ ብድግ አድርጋኝ መልሳ አስቀመጠችኝ።

«አጥንት ብቻ ነው» አለች።

«ጸባዩ ግን ደህና ይመስላል።»

«ጸባይ በዓይን ይታያል?»

«ታዲያ መጤ በምን ይታያል?»

ስለዚህ ጉዳይ ብዙም አልተከራከሩም። ጀርባዬ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርገው ወደ ባህል ትምህርት ቤት ነዱኝ። እዚያ በአራት እግር መሄድ፣ ሣር ማመንዠክና የፊተኛው ገደል ሲገባ ተከትሎ መግባት ይሰጣል። አስተማሪዋ አሮጊት በግ ናት፤ ለስላሳ ድምፅ አላት።

«እኛ ማንንም አንጠላም» አለች። «መጀመሪያ ባህላችንን ይልመዱ ነው ያልነው።»

አጠገቤ አንድ ተማሪ በጉልበቱና በመዳፉ ቆሞ ሣሩን በጉንጩ ሙሉ ይቆረጥማል። አቶ ዘርጋው ናቸው።

«ለመድኩት እኮ ጥላዬ» አሉኝ። «ጨው ቢጤ ቢነሰንስበት ምንም አይልም።»

እኔ ግን ሣሩ አልወርድ አለኝ። የአስተማሪዋን ንግግር አውቀው ነበርና። ትናንት እሑድ በእድሩ ስብሰባ ላይ ራሳቸው አቶ ዘርጋው የተናገሩት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢድሪስ የሚባል በያጅ አለ። ከካርቱም፣ ከጦርነቱ፣ አሮጊት እናቱን ይዞ መጥቶ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ብየዳ ቤት ከከፈተ ሁለት ዓመት ሆነው። ትናንት ስብሰባው መሀል ቆሞ፣ በዚያች በተሰባበረች አማርኛው፣ «እናቴ በጣም ታማለች። ብትሞት በዚህ አገር የሚሸከማት ሰው የለም። እድር አስገቡኝ» አለ። ከዚያ ውጭ እንዲጠብቅ ተነገረውና ክርክሩ ተጀመረ። አንዱ በስልኩ ስለ አክራሪዎች የተጻፈ ነገር አነበበ። አቶ ዘርጋው «ከነዚህ መጤዎች መሀል አንድ አክራሪ ቢኖርስ?» አሉ። ሐጂ ሙዘሚልም፣ የእኛው ሐጂ፣ «ሃይማኖታችን አንድ ቢሆንም የት ምን ሲሰሙ እንዳደጉ አናውቅም። ልጆች አሉን» አሉ። አክራሪ የሚባል የለም አልልም። አለ። የሟች ስም እየጠራሁ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ማን በምን እንደሞተ አውቃለሁ። ግን ኢድሪስን ሳየው ከብረትና ከእናቱ ሌላ የያዘው ነገር አላየሁበትም። አይግባ የሚል እጅ ያውጣ ተባለ። የሁሉም ወጣ። የእኔም ወጣ። በዚያች ሰዓት ጡሩምባዬ አፏ ተሰንጥቆ ኢድሪስ ብየዳ ቤት ነበረች፤ በነፃ ሊሠራልኝ። እጄ እላይ እያለ አፈርኩ። ግን አላወረድኩትም።

ሕልሜ ወደዚያው ስብሰባ ወሰደኝ። ድንኳኑ የእድሩ ድንኳን ነው፤ ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ግን በጎች ናቸው። የእኔ የፋሲካ ሙክትና የሐጂ ሙዘሚል የአረፋ ጠቦት ጎን ለጎን ሆነው አንድ ፋይል ያገላብጣሉ። አጀንዳው በትልቁ ተጽፏል፤ «ሰው ይግባ ወይስ አይግባ?»

«ሁሉም ሰው እኮ አራጅ አይደለም» አለች ከኋላ አንዲት ከሲታ በግ። «እኔን አንድ ሰውዬ ከጎርፍ አውጥቶኛል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ለገና ሸጠኝ።»

ሙክቱ ወደ እኔ ዞረ።

«አክራሪ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«አክራሪ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።»

«እሺ፣ ነኝ።»

«አምኗል፣ ይጻፍ» አለ ጠቦቱ።

«ኧረ በፈጠራችሁ! እኔ በሰው ላይ እጄን አንስቼ አላውቅም!»

ይህን ስል በጎቹ ሁሉ ቀኝ እጄን አዩት። እኔም አየሁት። ከፍ ብሎ ቆሟል። ላወርደው ብታገል አልወርድ አለኝ።

«ያለፈው ፋሲካ ቢላዋውን የያዘው ማን ነበር?» አለ ሙክቱ።

«አቶ ዘርጋው።»

«አንተስ?»

«እኔ እግር ብቻ ነው የያዝኩት።»

«የእኔም እግር ያዥ ያለው ይህንኑ ነው» አለ ጠቦቱ። «ቃል በቃል።»

ሙክቱ ፋይሉን ከደነው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ስማ ጋሽ ጥላዬ። አራጁን እናውቀዋለን። በአንድ ሰፈር አንድ ነው፣ ቢበዛ ሁለት፤ ቢላዋውን ሲስል ከሩቅ ይሰማል። እግር የሚይዝለት ባይኖር ተፈራግጠን እናመልጠው ነበር። እኛ የሞትነው በእናንተ በደጎቹ እጅ ነው።»

ከዚያ «ያዙት» አለ።

ጎረቤቶቼ በአራት እግራቸው እየተጎተቱ መጡ። ሁሉም ባህሉን ለምደዋል። አቶ ዘርጋው ግራ እግሬን፣ ሐጂ ሙዘሚል ቀኙን ያዙ። ሌሎች ሁለት እጆቼን ያዙ።

«አይዞህ» አሉኝ ሐጂ። «እኛ እግር ብቻ ነው የምንይዘው።»

«እንግዲያው ስሞት ጡሩምባ ይነፋልኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ስሜ ይጠራ!»

«አባል ነህ?» አለ ሙክቱ።

ከድንኳኑ ጀርባ ቢላዋ ሲሳል ሰማሁ፤ ብረት ከብረት።

ነቃሁ። የቤቴ የቆርቆሮ በር ነው የሚንኳኳው። ስከፍት ኢድሪስ ቆሟል። ጡሩምባዬን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል፤ ዓይኑ ደም መስሏል።

«ጋሽ ጥላዬ፣ ጡሩምባው አልቋል። ይሞክሩት።»

«እናትህ እንዴት አደሩ?»

«እናቴ ማታ ሞተች» አለኝ። «የመስጊድ ሴቶች አጥበው ከፈኗት፤ ወንዶቹ መቃብር ሊቆፍሩ ሄደዋል። መኪናው አስፋልት ላይ ቆሟል፤ ቅያሱ ጠባብ ነው፣ አይገባም። ቃሬዛ ከቧንቧ በይጃለሁ። የሚይዝ ሰው ግን… እኔ አንድ ነኝ።»

ይንፉልኝ አላለኝም። የእድሩን ደንብ ያውቃል፤ ትናንት ተነግሮታል።

«ስማቸው ማን ነበር?» አልኩት። ሁለት ዓመት በደጃቸው ሳልፍ ጠይቄ አላውቅም።

«በቱል።»

ጡሩምባዬን አነሳሁና ነፋሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ስነፋ እንዲህ ጠርታልኝ አታውቅም። በሮች ተከፈቱ። አቶ ዘርጋው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ብቅ አሉ፤ ሐጂ ሙዘሚልም ከማዶ ወጡ።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ አቶ ዘርጋው።

«ወይዘሮ በቱል። የኢድሪስ እናት።»

«አባል ናት?»

የአቶ ዘርጋው በር ተዘጋ፤ ሌሎቹም ተከትለው ተዘጉ። የሐጂ ሙዘሚል ትንሽ ቆየ። ከዚያ እሱም ተዘጋ።

ከኢድሪስ ጋር ወደ ቤቱ ገባን። አሮጊቷ በነጭ ከፈን ተጠቅልለው ቃሬዛው ላይ ተጋድመዋል፤ የልጅ ያህል ናቸው። ኢድሪስ በራስጌ በኩል አነሳ። እኔም እንደ ልማዴ በእግር በኩል ያዝኩ።