የለቅሶ ቤት ፓስታ

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ሰው ሲሞት መርዶው ከቤተሰብ ቀጥሎ ለማን እንደሚደርስ ታውቃላችሁ? ለሱቁ የፓስታ መደርደሪያ ነው። ሐዘንተኛ ቤት ስትገቡ በፎይል የተሸፈነ ትሪ ይጠብቃችኋል፤ ውስጡ በሳልሳና በበርበሬ የቀላ፣ ሹካ ሲነካው የሚፈርስ ፓስታ ነው። ይህ ነገር እኔን ያመኛል። ሾርት ኖርዝ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ የሜዲትራኒያን ምግብ ቤት ሼፍ ስለሆንኩ፣ ከልክ በላይ የበሰለ ፓስታ ሳይ ፓስታው ራሱ ለቅሶ ሊቀመጡለት የሚገባ ይመስለኛል።

እንደ አባቴ የማያቸው የጋሼ መኮንን ባለቤት እትዬ አስቴር ሲያርፉ ግን ቀልዱ ጠፋኝ። ጋሼ ከቀብሩ ወዲህ ከከተማው ዳር ሬይኖልድስበርግ በሚገኘው ቤታቸው ተቀምጠው ከውሃ በቀር አልቀምስ አሉ። የልብ ሕመምተኛ ናቸው፤ መድኃኒታቸው ደግሞ በባዶ ሆድ አይወሰድም። ልመናውም ቁጣውም አልሠራም። እንግዲህ እሳቸውን ለማብላት ከእኔ የተሻለ ማን አለ?

ጆሮ የምትመስለውን የፓስታ ዓይነት በጥሩ የወይራ ዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በሽምብራ ሠራሁ። ጥርስ ላይ ያዝ እንድታደርግ በሰዓቷ አወጣኋት። ትሪውን ማድ ቤት ላሉት የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች አስረክቤ ሳሎን ተቀመጥኩ።

በኋላ እንደሰማሁት፣ እናቶቹ አንድ ፍሬ ቀምሰው አዘኑልኝ። ልጁ ከሥራ ሲጣደፍ ሳይበስልለት ቀርቶ ነው አሉ። እንዳላፍር ብለው ሳይነግሩኝ ሁሉንም ድስት ውስጥ ገለበጡት፤ ውሃ፣ ሳልሳና በርበሬም ጨመሩበት። ከዚያ ጸሎት ተጀመረና ድስቱ ተረሳ። የእኛ ጸሎት ደግሞ አጭር አይደለም።

ሲቀርብ የገዛ ምግቤን አላወቅሁትም። ጆሮዎቹ ገንፎ ሆነዋል። ጋሼ በግድ አንድ ማንኪያ ቀመሱ፤ ደገሙ። እንባቸው እየወረደ ሳህኑን ጨረሱና፣ ይሄ የአስቴር እጅ ነው፣ ማን ሠራው ብለው ጠየቁ። እናቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ጠቆሙ። እኔም እንደ ሠሪ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

ይኸው ቅዳሜ ቅዳሜ እቤታቸው እየሄድኩ ፓስታ አበላሻለሁ። ማበላሸት እንዲህ ይከብዳል? አንዴ ውሃው ይበዛብኛል፣ አንዴ በርበሬው ያንሰኛል። ጋሼ መድኃኒታቸውን ለመዋጥ ያህል ጥቂት ይጎርሳሉ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሳህኑን ቀስ ብለው ገፋ አደረጉና፣ አይዞህ ልጄ፣ አስቴርም እንደተጋባን ሰሞን ፓስታ መሥራት አትችልም ነበር አሉኝ።