አያ ደግሰው እና የወንዙ አፍ

በየቀበሌው ማንም ሳይሾመው ሁሉን የሚያዝ አንድ ሰው አይጠፋም። እሱ ከሌለ ቀበሌው አልተሟላም ማለት ነው። የእኛ የጽጽቃ ቆላ ሰዎች ሹም አያ ደግሰው ናቸው። ሚኒባስ ላይ ሾፌሩ ማርሽ ሲቀይር «አሁን አይደለም!» ይላሉ፤ መኪና ነድተው አያውቁም። መቃብር ሲቆፈር ወርደው ጥልቀቱን ይለካሉ። ሲቆጡ በኽምጣኛ ይጀምሩና፣ ስድቡ ያመለጠው ሰው እንዳይኖር በአማርኛ ይደግሙታል። መዝጊያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ኋላ አያ ደግሰው አልነገሩንም እንዳትሉ!»

የተከዜ ግድብ ውሃ መጥቶ የታች ማሳቸውን ሲውጠው፣ አሁንስ ዝም ይላሉ ብለን ነበር። እሳቸው እቴ! ወንዛችን ከግድቡ ውሃ ጋር የሚገናኝበትን፣ ቄጠማ የወረረውን ጭቃ ግዛታቸው አደረጉት። ጎረቤታችን ምስራቅ ልብስ ልታጥብ ብትወርድ ከነኦሞዋ መለሷት።

«ውሃው የእርስዎ ነው እንዴ?»

«የዓሣዎቹ ነው!»

የግብርና ባለሙያ መጥቶ ስለ ቦታው ሊያስረዳን ወረቀቱን ሲዘረጋ፣ «ተቀመጥ ልጄ፣ መንገድ አድክሞሃል» አሉና እሳቸው ቀጠሉ። «ወንዙ ከደጋ አፈርና ፍግ ያወርዳል። እዚህ ሲደርስ ይተኛል፣ ይሞቃል። ዓሣ ሊወልድ የሚመጣው ለዚህ ነው። ቄጠማው ደለሉን ይይዛል፤ ጫጩቶቹንም እንደ እናት ቀሚስ ይሸፍናል። ቄጠማውን ያጨደ ሰው የዓሣ ቤት አፈረሰ!» ባለሙያው ወረቀቱን አጠፈ።

እኔ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ከእሳቸው ጋር የተጋጠምነው ግን በፍልሰታ ዋዜማ ነው። ሁለት ፍየል ሸጬ መረብ ገዝቻለሁ። ሰቆጣ ያለ አንድ ምግብ ቤት ለጾሙ ዓሣ እንዳመጣለት ነግሮኛል፤ ካላመጣሁ ቦታዬን ለሌላ ይሰጣል። በዚያ ሰሞን ደግሞ ዓሣው ሁሉ ወንዙ አፍ ላይ ይርመሰመሳል። ማለዳ ብወርድ፣ አያ ደግሰው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ቆመዋል። ከጎናቸው ችካል፣ ጫፉ ላይ የተቋጠረ ሣር። ይህ የክልክል ግጦሽ ምልክት ነው፤ ቋጠሮው እስኪፈታ የማንም በሬ አይገባም። ውሃ ሲከለል ግን አይተን አናውቅም።

«አያ፣ ይሄ እኮ ግጦሽ አይደለም» አልኩ በስንት ጭንቅ።

«እርጉዝ ላም ታርዳለህ?»

መረቤን ወረወርኩ። አንዲት ዓሣ ወጣች። ነጥቀው ሆዷን ቀደዱና እንቁላሉን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘረገፉት።

«ቁጠር!»

«አያ፣ እኔ ከመቶ በላይ መቁጠር አላውቅም።»

ሰው መኖር አለመኖሩን ዞር ዞር ብለው አዩ። «እኔንስ ማን አስተማረኝ? መቶ በሞላ ቁጥር ጠጠር እናስቀምጣለን።»

ተቀምጠን በሣር ጫፍ እየለየን ቆጠርን። ሲሳሳቱ እኔን ይቆጣሉ። ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ ጠጠሩ አርባ አልፏል፤ እንቁላሉ ግማሽ አልሆነም። መረቤን ጠቀለልኩ። ምግብ ቤቱም ቦታዬን ለሌላ ሰጠ፤ ባለቤቴ ዘመናይ እስከ መስቀል አኮረፈችኝ።

በመስቀል ማግስት አያ ደግሰው ቋጠሮውን ፈቱና «ወርውር!» አሉኝ። አወራወሬን ነቀፉ። ቄጠማው ሥር ጥፍር የሚያህሉ ጫጩቶች ውሃውን አጥቁረውታል፤ ከጥልቁ በኩል መረቡ ከብዶ ሁለት ሆነን ጎተትነው። ትልቁን መርጬ በሁለት እጄ ሳቀርብላቸው አፍንጫቸውን ያዙ።

«አርቅልኝ! ይሸታል። በዕድሜዬ ቀምሼው አላውቅም።»

በቀጣዩ ክረምት ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ጭቃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ችካሉን እኔ ተከልኩ፤ ማንም አላዘዘኝም። ሣሩን ቋጥሬ ስመለስ ገና ከሩቅ ጮኹ፦

«በግራ ነው እንዴ የሚቋጠረው? ኋላ አልነገሩኝም እንዳትል!»

ተመለስኩና ፈትቼ እንደገና ቋጠርኩት።