ለጠፋች ኳስ ልቅሶ የሚደርሱት ሰው

ሰውን መከራው አይገድለውም። የሚገድለው መከራውን ሰምቶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ፊቱን አጥቁሮ የሚመጣው አጽናኝ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ብርጭቆ ሲሰበርብህ ከስባሪው ቀድሞ የሚደርስ፣ ጥርስህን ብትነቀል ለቀሩት ጥርሶችህ የሚያዝን፣ ጉንፋንህን ወደ ሳንባ በሽታ ከፍ አድርጎ "አይዞህ" የሚልህ ሰው ነው። የእናንተን ሰፈር አጽናኝ አላውቀውም። የእኛው የአቃቂው አቶ ፀሐዩ ይባላሉ። እኔ በልቤ "ሊቀ አጽናኞች" ብዬ ሾሜያቸዋለሁ። ሹመቱን እስካሁን አልነገርኳቸውም፤ ደፋር ሰው አይደለሁም።

አቶ ፀሐዩ በምስማር ፋብሪካችን የማሸጊያው ክፍል ኃላፊ ናቸው። ዋናው ማዕረጋቸው ግን የሠራተኞች ዕድር ዳኛነታቸው ነው። ድንኳን በየትኛው በኩል እንደሚተከል፣ መርዶ መቼ እንደሚነገር፣ ሐዘንተኛ ፊት ምን ተብሎ ምን እንደማይባል ከእሳቸው የሚበልጥ አዋቂ የለም። ችግሩ፣ የፋብሪካው ጭስ እያለ እንኳ የአቃቂ ሰው ቶሎ ቶሎ አይሞትላቸውም። ከአንዱ ልቅሶ እስከ ሌላው ያለው ጊዜ ይረዝምባቸዋል። ስለዚህ ያገኙትን ያጽናናሉ።

ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ሐጀራ አንድ ጠዋት የዕንቁላል ቅርጫት ከእጇ አምልጦ ወደቀባት። አቶ ፀሐዩ ወደ ሥራ ሲገቡ አዩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

"አይዞሽ ሐጀራ። የባሰ አለ።"

"ኧረ ጋሼ ፀሐዩ፣ ዕንቁላል እኮ ነው የተሰበረው!"

"ዛሬ ዕንቁላል ነው" አሉ አንገታቸውን እየነቀነቁ። "ነገ ጫጩት ይሆኑ እንደነበር ግን አትርሺ።"

ሐጀራ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እምብዛም አልከፋትም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ጫጩቶቹ እያሰበች ዋለች።

ይህ ሁሉ ባልከፋ፣ ጎልፍ ባይመጣ ኖሮ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፋብሪካችን ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በፋብሪካው አጥርና በወንዙ መካከል ያለው የግጦሽ ሜዳ ላይ የቲማቲም ድልህ ጣሳ እዚህም እዚያም ቀበረ። በየጣሳው አጠገብ ባንዲራ ተከለ፤ ዱላና ኳስ አምጥቶ አስተማረን። ጨዋታው ሲያዩት ቀላል ነው። ትንሿን ነጭ ኳስ በዱላ እየመቱ ጣሳው ውስጥ መክተት ነው፤ በጥቂት ምት የከተተ ያሸንፋል። እኛ የገና ዱላ ይዘን ያደግን ሰዎች "ይህቺማ ምን አላት?" አልን። መሐንዲሱ ውሉ አልቆ አገሩ ሲገባ ዱላዎቹን ትቶልን ሄደ። ብስጭቱንም አብሮ ትቶልን ሄደ።

በገና ጨዋታ ብትስት የገፋህ፣ የጠለፈህ፣ የጮኸብህ ሰው አይታጣም፤ በእሱ ታመካኛለህ። በጎልፍ ግን ኳሷ ቆማ ትጠብቅሃለች። ማንም አይነካህም። ስትስት የሳትከው አንተው ነህ። ሜዳችንም አያዝንልንም። መሬቱ ዋልካ ነው፤ በክረምት ጫማ ይነጥቃል፣ በበጋ ይሰነጠቅና ኳስ ይውጣል። ከስንጥቁ የተረፈችውን ሜዳው ላይ የሚግጡት የጎረቤታችን የኦቦ ሮሪሳ ከብቶች ይረግጧታል። ከከብቶቹም ተርፋ ልትመታት ዱላህን ስትሰቅል የፈረቃ መለወጫው ጡሩምባ ከጆሮህ ሥር ይጮሃል።

ታዲያ እያንዳንዳችን ንዴታችንን የምንወጣበት መንገድ አለን። የምስማር መቁረጫው ማሽን ላይ የሚሠራው ያደታ ዱላውን ወንዝ ውስጥ ይወረውራል። ከዚያ ሱሪውን ጠቅልሎ ገብቶ ያወጣዋል፤ ሲመለስ በርዶለታል። እኔ ፈገግ እላለሁ፤ ቤቴ ስገባ ራት አልበላም። አቶ ፀሐዩ ግን የራሳቸው ንዴት የላቸውም። የሌላውን ይጠብቃሉ። ኳስ ስትስት ዱላቸውን መሬት ላይ ያስተኛሉ፤ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ ሜዳውን አቋርጠው ቀስ ብለው ወደ አንተ ይመጣሉ። ማምለጥ አትችልም፤ ኳስህ እዚያው ናት። አጠገብህ ደርሰው ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላሉ። ከዚያ "አይዞህ፤ የባሰ አለ" ብለው የባሰውን ይተርካሉ።

"አንድ የባቡር ጣቢያ ሰው ነበር" ይላሉ። "የመታት ኳስ ሄዳ ሄዳ ክፍት ፉርጎ ላይ ወደቀች። ባቡሩ ነጎደ። ኳሷ ጅቡቲ ገባች። ወረቀት ስለሌላት እስከ ዛሬ ጉምሩክ ናት። የአንተዋ እኮ እዚሁ ሳር ውስጥ ናት፤ አይዞህ።"

አንድ እሑድ የመታኋት ኳስ ሳር ውስጥ ገብታ ጠፋችብኝ። ፈልጌ ፈልጌ ሳጣት ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ማለዳ፣ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ፣ በሬ ተንኳኳ። አቶ ፀሐዩ ከሁለት የዕድር ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል። ገብተው ተቀመጡ። ጤናዬን ጠየቁኝ። ስለ ዝናብም ጥቂት ተጨዋወትን።

"ያቺ የትናንቷ ኳስህ…" አሉ አቶ ፀሐዩ በመጨረሻ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። "ትንሽ አሟት ነበር።"

"ኳሷን?"

"ጠንከር ብሎባት አደረ።" አንደኛው ሽማግሌ አቀረቀሩ። "እንግዲህ አንተም ወንድ ነህ፤ መቻል ነው። የኦቦ ሮሪሳ ላም ውጣታለች።"

ለእንዲህ ያለ ነገር በዚህ ወግ መርዶ ተነግሮኝ ስለማያውቅ፣ ማልቀስ ይገባኝ እንደሆነ ግራ ገባኝ። ለጥንቃቄ ያህል ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው።

የሜዳችንን ዋና ሕግ ያወጡትም እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ያደታ ስንጥቅ የገባችበትን ኳስ በሽቦ ሲቆፍር ጨዋታው ቆሞ ዋለ። አቶ ፀሐዩ ሁላችንንም ሰብስበው እንደ ዕድር ፈረዱ።

"መሬት የወሰደውን ቆፍሮ ማውጣት ነውር ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስንጥቅ የገባች ኳስ እንደ ተቀበረች ትቆጠራለች። ባለቤቷም ተሸንፏል።"

"ያ ረቢ! ይህ እኮ የአባቴ መሬት ነበር!" አለ ያደታ። "ከአባቴ መሬት ኳሴን አላወጣም?"

"የአባትህ ስለሆነ ነው እኮ፣ ልጄ። ከእሱ ጋር አትጋፋ።"

ከዚያ ወዲህ ኳስ ስንጥቅ ስትገባ ባለቤቷ አንድ ጭብጥ አፈር ይበትንባትና ያልፋል። ሌላ አገር ያሉ ጎልፍ ተጫዋቾች እንዲህ ያደርጉ እንደሆነ አላውቅም፤ ብዙ አገር አላየሁም።

በየዓመቱ የገና ሰሞን ፋብሪካው ውድድር ያደርግና ላሸነፈው አንድ ሙክት ይሰጣል። አቶ ፀሐዩ አንድም ዓመት አሸንፈው አያውቁም። ሌላውን ሲያጽናኑ የራሳቸው ጨዋታ ያመልጣቸዋል። ዘንድሮ ግን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አሰጋሽ ቃል ገቡ። "የዘንድሮው የገና ሙክት ከሜዳው ይመጣል። ገበያ እንዳትወጪ!" ወይዘሮ አሰጋሽ ከዚያ ሜዳ እስካሁን የመጣላቸው በጫማ የገባ ጭቃ ብቻ ነው። ቢሆንም አልተከራከሩም፤ "እሺ" ብቻ አሉ። ይህች "እሺ" አቶ ፀሐዩን ከክርክር ይልቅ አስጨነቀቻቸው። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። የልጃቸው አማቾች እንኳ ለገና ሊመጡ ቀጠሩ። ከኅዳር ጀምሮ አቶ ፀሐዩ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ብቻቸውን ሜዳው ላይ ሲለማመዱ እናያቸው ጀመር።

በውድድሩ ቀን አቶ ፀሐዩ ማንንም አላጽናኑም። ያደታ ዱላውን ወንዝ ውስጥ ወርውሮ ፊቱን ወደ እሳቸው አዞረ፤ ዝም አሉት። ደንግጦ ዱላውን ለማውጣት ሳይገባ ቀረ። ሌሎቹ ሁሉ እየተንጠባጠቡ ወደቁና መጨረሻው ጣሳ ላይ አቶ ፀሐዩና እኔ ብቻ ቀረን። እኔ እዚያ ምን እንዳደረሰኝ አላውቅም። ኳሴ ድንጋይ ነክታ ዘላ ጣሳው ውስጥ ስትገባ ከማንም በላይ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። የአቶ ፀሐዩ ኳስ ግን ከጣሳው አንድ ክንድ እንኳ አትርቅም ነበር። ካገቧት በአንድ ምት ይበልጡኛል፤ ሙክቱ የወይዘሮ አሰጋሽ ነው።

አቶ ፀሐዩ አማተቡ። ዱላቸውን ዝቅ አድርገው በቀስታ ነኳት። ምታቸው ልክ ነበር፤ ይህን እመሰክራለሁ። ኳሷ ተንከባላ ጣሳው ከንፈር ላይ ደረሰች። እዚያ ትንሽ አመነታች። ከዚያ ከንፈሩን ተከትላ ዞረችና ከጣሳው ጀርባ ካለው ስንጥቅ ገባች።

ያደታ በጉልበቱ ተንበረከከ። "ትታያለች! ጋሼ ፀሐዩ፣ ይቺትና! ጣቴን ብሰድ አወጣታለሁ!"

"ትውጣ" አልኩ እኔም። ጮክ ብዬ ልለው አስቤ ነበር፤ የወጣው ግን ሹክሹክታ ነው። "በእኔ በኩል ቅር አይለኝም።"

አቶ ፀሐዩ ጎንበስ ብለው አዩዋት። ነጭ ሆና ከአፈሩ ውስጥ ትታየናለች።

"ተው ልጄ" አሉት ያደታን። "የተቀበረ አይወጣም።"

ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጭብጥ አፈር ዘግነው እራሳቸው በተኑባት። ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ። ሁላችንም ቆመናል። የእሳቸውን ቃል በቃላችን የማያውቅ ከመካከላችን አልነበረም፤ ለዓመታት ተብሎልናል። ያደታ "አይዞ…" ብሎ ጀመረና አፉን ዘጋ። አቶ ፀሐዩ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወንዙን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በዚያ ሜዳ ላይ ሰው ኳስ ስቶ ማንም ሳይጠጋው ሲቀር ይህ ቀን የመጀመሪያው ነበር።

ሙክቱን ጎትቼ፣ እውነቱን ለመናገር እሱ እኔን ጎትቶኝ፣ ቤቴ ደረስን። ጎረቤቶች "እንኳን ደስ ያለህ" ሲሉኝ የሐዘንተኛ ድምፅ እየወጣኝ "እግዜር ይስጥልኝ" እላለሁ። ሙክቱን ደጅ አስሬ ከአጠገቡ ተቀመጥኩ። እሱም አየኝ፤ እኔም አየሁት። ጀንበር ስታዘቀዝቅ አቶ ፀሐዩ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በአጥሩ በር ገቡ።

ብድግ አልኩ። "ጋሼ፣ እባክዎን ሙክቱን ይውሰዱልኝ።"

በእጃቸው ተቀመጥ አሉኝ። እሳቸውም ተቀመጡ። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

"አይዞህ" አሉኝ።

"እኔ?"

"እንዲህ ባለ አጋጣሚ ማሸነፍ ቀላል ነገር አይደለም። ሆድህ እንደማይችል አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የመጣሁት። አይዞህ፤ የባሰ አለ።"

"ከዚህ የባሰ ምን አለ፣ ጋሼ?"

"ለከርሞም ልታሸንፍ ትችላለህ።"

ተነስቼ የሙክቱን ገመድ ልፈታ ስል እጄን ያዙኝ።

"አያስፈልግም" አሉ። "ቤት ስገባ ጓሮ ውስጥ ሙክት ይጮሃል። አሰጋሽ ትናንት፣ ቅዳሜ፣ ገበያ ወጥታ ገዝታ ኖሯል።" ባርኔጣቸውን በጣቶቻቸው መካከል አሽከረከሩት። "ጨዋታው ሳይደረግ።"

ኳሷን ለመሬቱ ትተውለት ነበር። ይህችን ግን መተው እንዳቃታቸው ከአንገታቸው አቀማመጥ አየሁ። ዙሪያዬን ብመለከት ከሙክቱ በቀር ሌላ አጽናኝ አልነበረም።

"አይዞዎት፣ ጋሼ ፀሐዩ" አልኩ። "የባሰ አለ።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ምን አለ?"

"ወይዘሮ አሰጋሽ እርስዎን አምነው ሳይገዙ ቢቀሩስ ኖሮ? አማቾችዎ ሲመጡ ምን ሊያቀርቡ ነበር?"

ነገሩን ረጋ ብለው፣ እንደ ዕድር ጉዳይ ከግራም ከቀኝም መረመሩት። ቀስ በቀስ ፊታቸው ላይ የተኮሳተረው ሁሉ ላላ።

"መልካም ነው" አሉ። "ብቻ መጀመሪያ ትንሽ ዝም ማለት ነበረብህ። ቸኩለሃል።"

ከገና በኋላ በነበረው እሑድ ሜዳ ወጣን። የመጀመሪያዋን ኳስ መታሁ፤ ሄዳ ወንዝ ገባች። ፈገግ አላልኩም። ሳላስበው ዞር ብዬ ወደ ኋላ ተመለከትኩ። አቶ ፀሐዩ ዱላቸውን መሬት ላይ አስተኝተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሜዳውን እያቋረጡ ቀስ ብለው ይመጡ ነበር። ቆሜ ጠበቅኋቸው።